ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ወረቀት

ይህ ላፕቶፕ እስካሁን አንድም ቀን አልከዳኝም። አባቴ የተቀበረ ዕለት ግን ምነው በከዳኝ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሰው ዕቃው ሲበላሽበት ቢያንስ ጥፋቱን የሚያላክክበት ያገኛል። እኔ እሱን እንኳ አላገኘሁም።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ የሰፈራችን እድር የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የሚያስጽፈው እኔን ነው። በእኛ በወንጌላውያኑ ዘንድ ሰው የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ ቢቀበር ነውር ነው። የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ መቼ ጌታን ተቀበለ፣ በምን ታሞ ዐረፈ፤ ይኼ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ድንኳኑ ውስጥ ይነበባል፤ አንዴ ወደ አፋን ኦሮሞ እየተመለሰ፣ አንዴ በአማርኛ። ወረቀቱ የሚታተመው በሟቹ ልጆች ቁጥር ልክ ነው። አንባቢው ከልጆቹ የአንዱን ተውሶ ያነብና ይመልስለታል። ልጆቹም አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ያኖሩታል፤ ከአባት ቤት ተከፋፍለው የማይጣሉበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ላፕቶፕ የገዛሁት በአንዲት አዋላጅ ምክንያት ነው። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ እናት ነበሩ። ያኔ የምጽፈው በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ነበር። የእሳቸውን ታሪክ አጋምሼ ሳለ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ የጻፍኩት ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ። በእጄ ልጽፍ ብዬ ስቀመጥ አስከሬኑ ከቤት ወጥቷል ተባለ። ፓስተሩ ከአፋቸው እንደመጣላቸው ጥቂት ተናገሩ፤ የሟቿን የትውልድ መንደርም አሳሳቱ። የአዋላጇ ልጅ ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞር ነበር። አልፈረድኩባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ አደርግ ነበር፤ ቁጣዬ ቅርብ ነው።

አዲስ ላፕቶፕ በእኔ ደመወዝ የማይታሰብ ነው። አሮጌውን ደግሞ አላምነውም። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ አለ፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ወልዶ የከበደ ሰው ነው። እሱ ጋ ገባሁና ከሁሉም ንጹሕ የመሰለኝን አነሳሁ።

«አዲስ ነው?» አልኩት።

«ሪፈርቢሽድ ነው፣ እህቴ።»

«አሮጌ ነው በለኝና እንገላገል።»

አልተቆጣም። እኔ ስቆጣ የማይቆጣ ሰው ደግሞ ያናድደኛል። «አሮጌውማ እዚያ ተደርድሯል» አለኝ ወደ መደርደሪያው እያመለከተ። «እሱን አንዱ ሠርቶበት ሠርቶበት ሲሰለቸው የሸጠው ነው። ይኼን ግን የሠራው ፋብሪካ ራሱ መልሶ ወስዶ፣ ከፍቶ፣ ያረጀውን ቀይሮ፣ ፈትሾ ነው ያወጣው።»

«ቀለም ቀብቶ ማለት ነው።»

«ቀለም ቢቀባማ ይኼን ይሸፍነው ነበር» አለና ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞረው። የጣት ርዝመት ያህል ጭረት አለበት። ቀጥሎ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

እንግሊዝኛዬ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አታልፍም፤ ወረቀቱ ግን ቀላል ነበር። ባትሪው ተቀይሯል ይላል። ኪቦርዱ ተቀይሯል። ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዲስክ ተቀይሯል። ክዳኑ ላይ ጭረት አለ፤ ሥራውን አይነካም። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ስከራከር ኖሬአለሁ፤ የዕቃውን ጉድለት በራሱ እጅ ጽፎ የሚሰጥ ሻጭ ግን አይቼ አላውቅም። የምጣላበት ነገር አጣሁ።

«የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል። ዋስትናው ነቀምቴ ድረስ ይመጣል?» አልኩት፣ ዝም ላለማለት ያህል።

«እሱ አይመጣም። እኔ ግን የትም አልሄድም» አለኝ። ገዛሁት።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ከደምቢ ዶሎና ከጊምቢ ቡና ሲጭን ኖረ። በስተኋላ ጌታን ተቀብሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነ። ዓይኑን ሞራ ስለ ጋረደው ላፕቶፑን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጭረቱን በአውራ ጣቱ አገኘው። ወረቀቱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።

«ጭረቱንም ጻፉት?»

«ጻፉት።»

«ራሳቸው?»

«ራሳቸው።»

«እኔ ስንት መኪና ሲሸጥ አይቻለሁ» አለ። «ሻንሲው የተሰነጠቀውን በቀለም አሳምረው ነው የሚሸጡት። ገዥው የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን ይፈራሉ፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም በኦሮምኛ ነበር የሚጠራኝ።

«ፋብሪካ ነው፣ አባ። የሚፈሩት ክስ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ወረቀቱን ግን እንዳልጥለው አስጠነቀቀኝ፤ በላፕቶፑ ቦርሳ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ስለ ዕቃው እውነቱን ልናገር። አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያው ዓመት ዛሬ ይሞታል ነገ ይሞታል እያልኩ ስጠብቀው ከረምኩ። ባትሪው መብራት በሌለበት ከጠዋት እስከ ምሳ ያደርሰኝ ነበር፤ ዛሬ የዚያን ግማሽ ያደርሰኛል። አንድ ክረምት ከባጃጅ ስወርድ ከነቦርሳው ጭቃ ውስጥ ወደቀብኝ፤ ጠርጌ ስከፍተው ያቋረጥኩት ዓረፍተ ነገር እንደነበረ ጠበቀኝ። በበጋ አቧራው ማራገቢያው ውስጥ እየገባ ያስጮኸዋል፤ ነጋዴው በዓመት አንዴ ከፍቶ ይጠርግልኛል። አንድ ሁለት ቁልፍ ላይ ያለው ፊደል በጣቴ ምት ብዛት ጠፍቷል። መብራት በጠፋበት፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰሞን፣ እድራችን ማንንም ታሪኩን ሳያነብ አልቀበረም። ነጋዴውን በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሥራው ግን ከመጻፍ ይልቅ መተውን ነው ያስተማረኝ። በመጠጥ የሞተውን «ባደረባቸው ሕመም» እለዋለሁ። ከሚስቱ ጋር ዓመታት ያልተነጋገረውን «በፍቅር ኖረዋል» እለዋለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገን ይባል የለ? ቤተሰቡ ይህን ይፈልጋል፤ ድንኳኑም እያወቀ ይቀበላል። አባቴ በየለቅሶው ተቀምጦ የጻፍኩትን ይሰማ ነበር፤ ቤት ስንመለስ «ዛሬም ቀለም ቀባሻቸው» ይለኛል። እኔም «አንተ ደግሞ» ብዬ አልፈዋለሁ።

ላፕቶፑ በተገዛ በሦስተኛው ዓመት፣ በጋ ላይ፣ የአባቴ ልብ ደከመ። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳይወጣ፣ ዕቃ እንዳያነሳ አሉት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ጠራኝና «ያንን ነገርሽን አምጪው። የኔን ታሪክ እኔ እያለሁ ጻፊልኝ» አለ።

በቁሙ ያለን ሰው የሕይወት ታሪክ መጻፍ ሟርት ነው። ተቆጣሁት።

«ሟርት አይደለም» አለ። «ስሞት ቀለም እንዳትቀቢኝ ብዬ ነው። እንደ ላፕቶፕሽ ወረቀት ጻፊልኝ፤ የተቀየረውንም፣ የተጫረውንም።»

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። እናቴ ጓዳ ሆና እህል ትለቅማለች፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጠጪ ነበርኩ በይ» አለ፤ ጻፍኩ። «ሰክሬ መኪና ገልብጫለሁ፤ ረዳቴ በእኔ ጥፋት አንካሳ ሆኖ ቀርቷል በይ» አለ፤ እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ወጉ፣ መልሱን እያወቅሁ፣ «ስንት ልጅ ልበል?» አልኩት። እኛ አራት ነን። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

«ሸን» አለ። አምስት ማለቱ ነው።

ማንን እንደሚል አውቄያለሁ። ልጆች ሳለን በዓመት አንዴ ከአባቴ መኪና ወርዳ ቤታችን የምታድር ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች። «የጊምቢዋ እንግዳ» እንላት ነበር። ግንባሯ ቁርጥ አባቴን ነው፤ ሰፊና ከቅንድቡ በላይ ጎበጥ ያለ። ካደግሁ በኋላ አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት ጊምቢ ላይ የወለዳት ልጁ መሆኗን ከአንድ ዘመድ ሰማሁ፤ ሰምቼ ዋጥኩት። ልጅቷ አድጋ እዚያው ጊምቢ ትዳር ይዛ ቀረች፤ መምጣቷንም ተወች። እናቴ የሩቅ ዘመድ ናት ብላ የምታምን ይመስለኝ ነበር።

«እማዬ ጓዳ ናት» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ትሁን። ልጄ ናት። በሰው ፊት አንድ ቀን ልጄ ብዬ አልጠራኋትም፤ ፈራሁ። ስቀበር እንኳ ትቆጠር።»

«እሺ፣ አምስት ብያለሁ» አልኩት። የጻፍኩት ግን «አራት» ነበር።

አንብቢልኝ አለ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። እዚያ ቦታ ስደርስ ስክሪኑ ላይ «አራት» የሚለውን እያየሁ በአፌ «አምስት» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

«ገለቶሚ» አለኝ፤ አመሰገነኝ። በዳበሳ እጄን አግኝቶ ያዘው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይለቀኝ ቆየ።

ለምን እንደዋሸሁት ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ለእናቴ ብዬ ነው እል ነበር፤ በስተርጅናዋ በሰው ፊት አንገቷን እንዳትደፋ። ግን መጠጡንና የረዳቱን እግር ጽፌ የለም እንዴ? እነሱም ያሳፍራሉ። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። አባቴን ሐኪም ቤት የማመላልስ እኔ፣ ታናናሾቼ ምክር የሚጠይቁኝ እኔ፤ በአንድ ቁጥር ሁለተኛ ልሆን ነው። ትልቅ ሴት ሆኜ በዚህ መቅናቴ ያሳፍረኛል፤ ግን ቀንቻለሁ።

አባቴ ክረምቱ በገባ በወሩ፣ ጠዋት ላይ፣ ቁርሱን እየበላ ዐረፈ። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ያሉት ዘመዶቻችን በዝናብ እየመጡ ግቢው ሞላ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የእድሩ ዳኛ በሩ ላይ ቆመው «ጽሑፉስ፣ ልጄ? አስከሬኑ ከሰዓት ይወጣል» አሉኝ።

ክፍሌ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩት። እንዳይነሳ ተመኘሁ። እንደ አዋላጇ የአባቴም ታሪክ ሳይነበብ ይቅር፣ ጥፋቱም በመብራቱ ይላከክ አልኩ። ተነሳ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበረው። ጽሑፉን አገኘሁት፤ የሞተበትን ቀን ሞላሁበት። «አራት» የሚለውን አጥፍቶ «አምስት» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ እንኳ አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ፣ ባትሪ ነበረኝ፣ እጄም ደህና ነበር። በፍላሽ ገልብጬ ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ።

«ስንት ኮፒ?» አለኝ ሰውየው።

«አራት» አልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ አንባቢው የታናሽ ወንድሜን ወረቀት ተውሶ ቆመ። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ አነበበ። ስለ መጠጡና ስለ መኪናው ሲያነብ ሰው ተያየ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ድንኳን ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ «የአራት ልጆች አባት» አለ። ቀና ስል ከሴቶቹ ኋላ፣ የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ የቆመች ሴት አየሁ። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ግንባሯ የአባቴ ነው።

አንባቢው ውሃ ተጎነጨ። አማርኛው ገና አልተጀመረም። ተነስቼ «ስህተት አለ» ማለት እችል ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይከለክለኝም። ጉልበቴ እንቢ አለ እላለሁ እንጂ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «አራት» ሁለተኛ ጊዜ ተነበበ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። የሐዘን አስተያየት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ያቺ ሴት ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የጠራኋት» አለች እናቴ። «አባትሽ እሷን ደብቆ አላገባኝም። ያኔ በየዓመቱ አምጣት እያልኩ የምልከው ማን መሰለሽ? እሱማ ፈሪ ነበር።»

እናቴ ቀጠለች።

«አምስት ብሎ ሲነግርሽ እዚሁ ሆኜ ሰምቻለሁ። አንብቢልኝ ሲልሽ አምስት ብለሽ ስታነቢም ሰምቻለሁ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ለዚህ ነው በሞቱ ዕለት ቶሎ ድረሺ ያልኳት፤ ስትቆጠር ጆሮዋ ይስማ ብዬ። ከጊምቢ ድረስ አምጥቼ አሰደብኳት።»

«ለአንቺ ብዬ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። «ቀንቼ ነው» አልኩ። ከዚያ በፊት ለማንም፣ ለራሴም ጭምር፣ እንዲህ አላልኩም።

ሴቲቱ ከዱካዋ ቀና አለች። «ወረቀቱን ለልጆቹ ትሰጣላችሁ አሉ» አለች፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። «ለእኔም ካለ ብዬ ነው።»

ላፕቶፑን አምጥቼ ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ቁጥሩን እያየችኝ «አምስት» አደረግሁት።

«ይኼማ የተነበበው አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«እሱ ግን በአፉ አምስት ብሏል?»

«ሸን ነው ያለው። ስቀበር እንኳ ትቆጠር አለ።»

«እንግዲያው እሱ ያለውንም፣ አንቺ ያደረግሽውንም ጻፊው» አለች።

የላፕቶፑ ወረቀት አሁንም በቦርሳው ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አጠገቤ ዘረጋሁት፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚጽፉ ከሱ ሌላ የሚያሳየኝ አልነበረም። ከአባቴ ታሪክ በታች እንዲህ ጨመርኩ፦ «በቀብሩ ዕለት በተነበበው ጽሑፍ የልጆቹ ቁጥር አራት ተብሏል። ልጆቹ አምስት ናቸው። አባቴ ይህን በራሱ አንደበት ነግሮኝ ነበር። የለወጥኩት እኔ ነኝ።» የቀድሞውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ አሉ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አነበበች። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«አባቴ ያልሽውን» አለች፣ «አባታችን በይው።»

አስተካከልኩት።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፍላሹን ይዘን፣ ጭቃውን እየመረጥን፣ ሁለታችን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረድን። ሰውየው ፍላሹን ተቀብሎ ሰካውና «ስንት ኮፒ?» አለ።

እህቴ ቆማ እኔን ታያለች።

«አምስት» አልኩት።